መዶሻው የሳተበት ቦታ

እጅህን መልስ፣ ስክሪን ነው። ብረት መስሎህ ልትዳብሰው ነበር አይደል? አትፈር፣ ዛሬ የመጀመሪያው አይደለህም። ግባና ካርቶኑ ላይ ቁጭ በል፤ ገመዱን ብቻ እንዳትረግጠው፣ እሱ ከተነቀለ የጠዋት ድካሜ ሁሉ አብሮ ተነቀለ ማለት ነው።

እኛ መርካቶ ያደግን ልጆች መደራረብን ማንም አላስተማረንም። ሱቅ ላይ ሱቅ፣ ሸራ ላይ ሸራ፣ ጆንያ ላይ ጆንያ፣ ጆንያው ላይ ደግሞ ጋደም ብሎ ዋጋ የሚከራከር ሰው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼ ኮምፒውተር መነካካት የጀመርኩ ጊዜ «ሌየር» የሚባለውን ነገር ሳየው የሰፈሬን ሰው ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። አንዱን ምስል በሌላው ላይ ታነጥፋለህ፣ የላይኛውን እንደ ነጠላ ታሳሳዋለህ፣ የታችኛው ብቅ ይላል። በቃ። ግን የተደራረበ ሁሉ ተገጣጠመ ማለት አይደለም። ይህንን ያስተማሩኝ ኮምፒውተር ከፍተው የማያውቁት ጋሼ ደምሴ ናቸው።

ጋሼ ደምሴ ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ በርሜል ተርትረው፣ ዘርግተው፣ በመዶሻ አበባ ይቀጠቅጡበታል። ቀለሙን አይፍቁትም። መዶሻው ባረፈበት ሁሉ ሰማያዊው ቀለም ይነሳና ብረቱ ይታያል፤ ውበቱም እሱ ነው። ታዲያ ሆቴል ሊከፍት ደፋ ቀና የሚል አንድ ሰው አንዷን ቆርቆሮ አይቶ ወደዳት። አርባ አሠርቶ የእንግዳ መቀበያውን ግድግዳ ሊያለብስ አሰበ። «ግን መጀመሪያ ግድግዳው ለብሶ በምስል ልየው፤ ካላማረኝ ከውጭ የመጣውን ፕላስቲክ እለጥፋለሁ» አለ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሊያይ ቀጠረን። የጋሼ ደምሴ የወራት ሥራ እኔ ስክሪን ላይ ተንጠልጥሎ ዋለልህ።

ሥራው እንዲህ ነው። ለአንድ ቆርቆሮ ሁለት ምስል ያስፈልጋል። አንደኛው ቀለሙ ነው፣ ቴክስቸር ይሉታል። ሁለተኛው ባምፕ ማፕ ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ነጩ «እዚህ ጋ ከፍ በል»፣ ጥቁሩ «እዚህ ጋ ጎድጉድ» እያለ ኮምፒውተሩን ያታልለዋል። ሁለቱ ልክ ለልክ ከተቀመጡ ጠፍጣፋው ነገር ነፍስ ይዘራል።

ትናንት ምናለሽ ተራ ሄጄ ለቀለሙ አንድ ፎቶ በጥላ አነሳሁ። ለጉድጓዶቹ መብራት ከጎን ላበራ ስል አንድ ተሸካሚ ከነሸክሙ «ልለፍ!» አለ። እዚያ ተሸካሚ ልለፍ ካለ መሬት ላይ ያለህን ሁሉ ታነሳለህ፤ ክርክር የለም። ቆርቆሮውን አነሳሁ፣ ሰውየው አለፈ፣ ቆርቆሮውን በግምት መለስኩ፣ ሁለተኛውን ፎቶ አነሳሁ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ሰባተኛ ሰፈር፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሁለቱንም ዳር ዳር ቆርጬ ጣልኩና አነባበርኳቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ ማፍሰሴንም አላወቅኩም።

ጋሼ ደምሴ እኩለ ቀን ላይ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ምስሉን ከዳር እስከ ዳር አዩ።

«እዚህ ጋ አልመታሁም» አሉ ጣታቸውን እየቀሰሩ።

«ጋሼ፣ የራስዎ ሥራ እኮ ነው። ፎቶ ነው።»

«ፎቶው ይመታ እንደሆን እኔ አላውቅም። እኔ የመታሁት ቀለሙ የተነሳበት ላይ ነው። ጉድጓዱን ወዲያ ወስደህ ምን ልታደርገው ነው?»

አጉልቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ቀለሙ የአንዱ አበባ፣ ጉድጓዱ የጎረቤቱ። ማስተካከያ የሚሆነኝን ዳር ቆርጬ ጥዬዋለሁ፤ አበቦቹ ደግሞ ሁሉም መንታ ናቸው፤ የላዩን ሌየር ወደ ግራ ብገፋው የገጠመ ይመስላል፣ ወደ ቀኝ ብገፋው የገጠመ ይመስላል። ከሰባት ሰዓት ተኩል አለፈ። ላብ በላብ ሆንኩ።

«ጋሼ፣ ከሌላው የምትለይ አንዲት አበባ እንኳን የለችዎትም?»

«አንዲት አለች» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስቀጠቅጥ አንዱ ከኋላዬ ልለፍ ብሎ ጮኸብኝና እጄ ሳተ። ከአበባው ውጪ አንዲት ምት አረፈች። ሰው አያያትም ብዬ ነበር።»

ፈለግን። ቀለሙ ላይ ምስር የምታክል ልጣጭ፣ ባምፑ ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ። የላዩን ሌየር በግማሽ አሳሳሁት፣ ነጥቧን ልጣጯ ላይ አሳረፍኳት፣ እሷን ይዤ የፀጉር ያህል አዞርኩት። ወዳጄ፣ አበቦቹ አንድ በአንድ ቤት ቤታቸው ገቡ! ቆርቆሮዋን አርባ ጊዜ ደርድሬ መብራት ከጎን ስለቅበት ግድግዳው ቆመ። ከደስታ ብዛት ብድግ ስል መደርደሪያው አናቴን አለኝ፤ አልተሰማኝም።

የሆቴሉ ሰው በሰዓቱ መጣ። አየ፣ እንደ አንተው መዳፉን ሰደደ፣ ደንገጥ ብሎ ኪሱ ከተተው። ቀጥሎ ከዚያ ሁሉ አበባ መሀል ያቺን ምስር ጠቆመ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ጋሼ ደምሴ አንገታቸውን ደፉ። «እጄ የሳተባት ናት።»

ፕላስቲኩ ሲለጠፍ ታየኝ። ሰውየው ግን ፈገግ አለ። «የእጅ ሥራ መሆኑ የሚታወቀው በእሷ ነው። ይጀምሩልኝ ጋሼ። አርባውም ላይ ትኑር፣ ልክ እዚችው ቦታ» ብሎ ወጣ።

ጋሼ ደምሴ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ካርቶን ላይ ቁጭ አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

«በል እንግዲህ አስተምረኝ» አሉኝ፣ «አርባ ጊዜ አንድ ቦታ የሚሳተው እንዴት ነው?»