ሪባን የተቆረጠለት ድረ ገጽ

እኛ አገር አንድ ነገር ተሠራ የሚባለው ሲሠራ ታይቶ ሳይሆን ሪባን ሲቆረጥለት ነው። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እኛን አይተው ሳይሆን አይቀርም። ለድረ ገጽም ሪባን ይቆረጣል ወይ ብትሉኝ፣ እንዴታ! መካኒሳ ላለ አንድ ኮሌጅ የርቀት ትምህርት ድረ ገጽ ሠርቼ ያስረከብኩ ዕለት፣ ላፕቶፑ በሪባን ታስሮ ቀረበ፤ ዲኑም መቀስ አንስተው ቆረጡለት። ኬክም ነበር።

ከምረቃው በፊት ዲኑ አንድ ቅሬታ ነበራቸው፤ የአማርኛው ፊደል አንዱ ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ ሌላው ላይ ባዶ ሳጥን ይሆናል። እኔ ሊቁ ምን አደረግኩ? የፈተናውን ጥያቄ ሁሉ በሚያምር ፊደል ጽፌ ወደ ሥዕል ለወጥኩት። ሥዕል አይበላሽማ! ዲኑ አጨበጨቡ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ምስጋናዬን ተቀበልኩ። ሥዕል ማየት የማይችል ሰውም ይማራል ብሎ ማን አሰበ?

ጎረቤቴ ሰአዳ ትማራለች። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም አንድ ደረጃ ነው የምንወጣው። ዓይነ ስውር ናት፤ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ኮምፒውተሯ ጽሑፉን በድምፅ ያነብላታል። ለዲግሪዋ እዚያው ኮሌጅ መመዝገቧን ያወቅኩት በማጠቃለያው ፈተና ቀን በሬን ስታንኳኳ ነው። ትምህርቱ በድምፅ የተቀዳ ስለሆነ እስከዚያ አልተቸገረችም። አሁን ግን ኮምፒውተሯ «ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣው አለ። ፈተናው ካመለጣት ዓመቱን መድገሟ ነው፤ የቀራት ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። «ጋሼ፣ ይህን የሠራው ሰውዬ ዓይን ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረለት?» አለችኝ። ሰውዬው እኔ መሆኔን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

ዲኑ ጋ ደወልኩ። ዓይነ ስውር ተማሪ እንደሌላቸው አረጋገጡልኝ፤ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ እንደዚያ ብሎ የሞላ የለም። እውነታቸውን ነው፤ የሚሞላበት ቦታ አላስቀመጥኩም።

ምን ይደረግ? አጠገቧ ተቀምጬ ጥያቄውን ማንበብ ጀመርኩ። እሷ መልሱን ትነግረኛለች፣ እኔ እጫንላታለሁ። ምርጫዎቹን አንብቤ ሳልጨርስ ትመልስ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ላክነው። ሻይ አፍልታ አጠጣችኝ፤ ዱዓም አደረገችልኝ። ያ ዱዓ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በሳምንቱ ውጤቷ መጣ፤ ዜሮ። ምክንያቱም በፈተናው ሰዓት የሌላ ሰው ድምፅ ተሰምቷል። ለካ ኩረጃ ይከላከላል ብለው ዲኑ ስለወተወቱኝ ከርክክቡ በፊት በመጨረሻው ቀን የገጠምኩት፣ በተፈታኙ ማይክሮፎን የሚያዳምጥ ፕሮግራም አለ! በዚያ ጥድፊያ መች ትዝ ብሎኝ?

ኮሌጁ ድረስ ሄጄ ድምፁ የእኔ፣ መልሱ ግን የእሷ ነው ብዬ ማልኩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ሰአዳ ዓመቱን እንድትደግም ተወሰነባት። ዲኑ ግን ከወንበራቸው ተነስተው እጄን ጨበጡኝ። እንዲህ ያለ አስተማማኝ ሥራ አይተው እንደማያውቁም ነገሩኝ፤ የሠራውን ሰው እንኳ ይዟልና።