ጥጉ የቀለጠው ሬዲዮ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቁራሌው ከየቤቱ የሰበሰበውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ሊመልስ ሰፈራችን መጣ። «የሰጣችሁት! የቆጫችሁ!» እያለ ይጮኻል። ባለቤቴ አጸደ ካረፈች በኋላ እህቷ ቤቱን ስታጸዳ የሰጠችውን ሬዲዮ እንዲመልስልኝ ጠየቅሁት። «እሱ ገበያ ወጥቷል» አለና ጆንያው ውስጥ ከተተኝ።

ገበያው ስልኬ ውስጥ ነበር። ትናንት ጠዋት ሙባረክ ከሚባል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ጋር የተጣላሁትም እዚያው ነው። የእኛን የሚመስል ሬዲዮ ጥጉን በዳንቴል ሸፍኖ «እንደ አዲስ» ብሎ ለጥፎ አየሁ። «ዳንቴሉን አንሣ፣ አጭበርባሪ! እውነቱን ካላሳየህ እከስሃለሁ» ብዬ ጻፍኩለት።

በሕልሜ ግን ሻጮቹ የሚፎካከሩት በእንከን ነው። አንዱ «የእኔ ሰዓት ቆሟል» ሲል፣ ሌላው «የእኔ መቆም ብቻ ሳይሆን መስታወቱም ተሰንጥቋል» ብሎ ደንበኛውን ይነጥቀዋል። የተበሳ ድስት «ደህና ነው» ብላ የሸጠች ሴት በፖሊስ ተይዛ ስታልፍ ከልቤ አጨበጨብኩ። የተሰነጠቀውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ፎቶ የሚያነሣ ሁሉ ሌባ ነው ብዬ ስንት ዘመን ጽፌአለሁ! ማን ሰማኝ? እዚህ ፎቶ የሚነሣው ስንጥቁ ብቻ ነው።

ደግሞ ገዢው ዕቃ አይመርጥም፤ ዕቃው ነው ገዢውን የሚመርጠው። አንዲት የልብስ ስፌት መኪና አንዲትን ወይዘሮ አገላብጣ አየቻትና፣ ጉልበቷ ቢንቋቋም አልደበቀችኝም ብላ ይዛት ሄደች።

የእኛን ሬዲዮ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዳንቴል አልለበሰም። መብራት በጠፋ ቁጥር አጸደ ሻማ የምታቆመው እሱ ላይ ነበር። አንድ ምሽት በዜናው ስንጨቃጨቅ ሻማው አልቆ ጥጉን አቀለጠው። ዳንቴሉን የሠራችለት ያን ለመሸፈን ነው።

«እንከንህን ተናገር» አለኝ ሬዲዮው።

«ቶሎ እቆጣለሁ።»

«እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማይታየውን ንገረኝ።»

«ዜና ስሰማ የሚከራከረኝ ሰው የለም» አልኩት። «ስለዚህ ከማላውቀው ሰው ጋር እጣላለሁ።»

ሬዲዮው ትንሽ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ በአጸደ ድምፅ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል እንጂ፤ ጎረቤት ተኝቷል» አለኝ።

ያን የቀለጠ ጥግ ልዳስሰው እጄን ዘረጋሁ። ስልኬ ጮኸና ነቃሁ።

መልእክቱ የሙባረክ ነበር። «ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ዳንቴሉ ሥር ጥጉ ቀልጦ ነበር፤ መደበቅ አልነበረብኝም። ለእርስዎ ስል ትናንትና አስሞርጄ ቀለም አስቀባሁት። ዳንቴሉንም ጣልኩት። አሁን በእውነት እንደ አዲስ ነው፤ ፎቶውን ይዩት።»

ፎቶውን ከፈትኩ። አንድም የተደበቀ ነገር የለም። ጥጉ ያብረቀርቃል።