መጨረሻውን ሳላይ የጋበዝኩት ፊልም

በደርግ ጊዜ፣ በሰዓት እላፊ ዘመን፣ አዲስ አበባ የኖረ ሰው የፊልም መጨረሻ ያውቃል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ እንዳትሰሙት። አያውቅም! እኛ የምናውቀው መጀመሪያውንና መሐሉን ነው። ገዳዩ ማን እንደነበረ፣ ልጅቷ ማንን እንዳገባች... እሱን የሚያውቁት የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ነው። በመጀመሪያ ግን ስደቴን ላውጋችሁ። ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ፣ መሳለሚያ አጠገብ ነው። ሶፊያን ሳገባ ኮተቤ ተሰደድኩ። አትሳቁ! አባቷ ትተውላት ያለፉት ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ጓሮው ጎመን፣ በሩ ላይ የኮክ ዛፍ። ሰው ሁሉ "ታድለህ!" ይለኛል። መታደልስ ታድያለሁ... ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ ጸጥታ! እኔ እኮ የተሸካሚዎች "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እየቀሰቀሰኝ ያደግኩ ሰው ነኝ። ኮተቤ ከመሸ በኋላ ድምፁን የሚያሰማኝ ጎረቤት ጅብ ብቻ ነው፤ እሱም ዋጋ አይከራከርም።

ደግነቱ የአባቴ ወዳጅ፣ የወሎው ልብስ ሰፊ ጋሽ ሰይድ አዘኑልኝ።

"ከሱቄ ጀርባ ያለችው ክፍል ባዶ ናት፤ በደባልነት ግቡባት። ግን እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገረኝ፣ የእህቴ ልጅ ከደሴ ልምጣ እያለ ነው" አሉኝ።

እኔማ የዚያኑ ዕለት ፍራሼን ተሸክሜ ብገባ ደስታዬ ነበር። ችግሩ ሶፊያ ናት። ጓሮዋንና ኮኳን ትታ፣ የልብስ ስፌት መኪና ቀኑን ሙሉ በሚያንቀጠቅጠው አንድ ክፍል ውስጥ ግቢ ስትባል እሺ የምትል ሴት ካወቃችሁ... እስቲ ላኩልኝና ትምከርልኝ!

በዚህ ስብሰለሰል ሐሙስ ማታ መርካቶ፣ የድሮ ሰፈራችን ሲኒማ ቤት ገባሁ። ፊልሙ የድሮ ዘመን ታሪክ ነው። አንድ የተራራ አገር ጫማ ሰፊ እናቱን አስለቅሶ በመርከብ ባሕር ይሻገራል። በሰው አገር ብርዱ ያንዘፈዝፈዋል፣ ምግቡ አልዋጥ ይለዋል፤ አንዲት ዳቦ ሻጭ ብቻ ፈገግ ትልለታለች። ጨለማው ውስጥ አለቀስኩ። ቁርጥ ኮተቤን ነው ያነሱት! ኋላ ግን ሰውየው አገሩ ገባ። መንደርተኛው በትከሻው ተሸከመው፣ እናቱ ጉንጩን ዳበሰችው፣ ጭፈራው ቀለጠ። ሰዓቴን ሳይ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። የአዳራሹ ግማሽ እንደኔ ብድግ አለ። ብንወጣስ ምን ቀረብን? ሰውየው ተመለሰ፣ አለቀ!

እሑድ በጠራራ ፀሐይ ሶፊያን ፊልም ጋበዝኳት። ልቧ ሲነካ እዚያው ቁርጡን እንድንነግራቸው ብዬ ጋሽ ሰይድንም ጠራሁ። ብልጠቴን አያችሁልኝ?

ሁሉም እንዳሰብኩት ሄደ። መርከቡ ሲነሳ አዳራሹ "አትሂድ አንተ!" ብሎ ጮኸ፤ እኛ ሲኒማ ቤት ተዋናይ ሳይመከር አይሸኝም። ሶፊያ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

"የሰው አገርን አየሽ?" አልኳት።

"እናቱ ስታሳዝን!"

"እናቱን ተያት፣ እሱን እዪ። ሰው ከሰፈሩ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚሆነው።"

ጭፈራው ደረሰ። ጋሽ ሰይድን በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው። ከዚያ... ፊልሙ አላለቀም! ጭፈራው በረደ። እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ ትቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ያያል። ያያል... ያያል... ከዚያ ሻንጣውን አነሳ።

"የት ሊሄድ ነው?" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ወደመጣበት ነዋ!" አለኝ አንዱ ከኋላዬ።

"ተመለስ አንተ ቂል! ጭፈራውን ረሳኸው?"

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ቂሉ ግን አልሰማኝም። መርከቡ ቆመ፤ ዳቦ ሻጯ ወደቡ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ሻንጣውን ወርውሮ ወደ እሷ ሮጠ። መብራት በራ።

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ሰይድ ቆባቸውን አስተካከሉና "የእህቴን ልጅ ና ልበለው መሰለኝ" ብለውኝ ሄዱ።

"ከማል፣ መርካቶ እንድንገባ ፈልገህ ነው ያመጣኸኝ?" አለች ሶፊያ።

"አዎ። ሰፈሬ ናፈቀኝ፣ ሶፊ። በጣም ነው የናፈቀኝ።"

"ታዲያ በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ ከአባቴ ቤት አልወጣም። አንተ ግን ከፈለግህ ቅር፤ ጋሽ ሰይድ ገና ሩቅ አልሄዱም።"

ይህን ብላ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አመራች። ወደ ገበያው ዞር ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጫጫታ... ውስጡ ግን እኔን የሚጠብቅ አንድም ሰው የለም። ተከትያት ሮጥኩ። ሻንጣ ስላልያዝኩ የምወረውረው እንኳ አልነበረኝም።

ኮተቤ ወርደን በዚያ ጭር ባለ መንገድ እሷን አስከትዬ፣ አንገቴን ደፍቼ እጓዛለሁ። ድንገት ከጀርባዬ፦

"ዞር በሉ! ዞር በሉ! ዕቃ ነው!"

ዘልዬ ቦይ ውስጥ ገባሁ! እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ቀና ስል መንገዱ ባዶ ነው፤ ሶፊያ ብቻ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

"ናፈቀኝ አላልክም? ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ የምቀሰቅስህ እኔ ነኝ" አለችኝ።

ሰዓት እላፊውም ጅቡም ሰፈሩን ለቀው ከሄዱ ስንት ዘመናቸው! እኔ ግን ዛሬም ጠዋት፣ አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ፣ ዞር አልኩላት።