ደላላን ለማጥፋት የተከፈተው ቢሮ

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። ልክ ነው። ሳይነገረን የቀረው፣ መድኃኒቱ ያለ ማዘዣ የማይሸጥ መሆኑ ነው፤ ማዘዣውን ለማግኘትም ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

እስኪ ልጠይቃችሁ። ጉዳይ ይዛችሁ አንድ መሥሪያ ቤት ልትሄዱ ስትነሡ ጎረቤታችሁ መጀመሪያ ምን ይላችኋል? «ማስረጃህ ተሟልቷል?» የሚል ጎረቤት ካላችሁ አድራሻውን ላኩልኝ፤ ሄጄ አየዋለሁ። የእኔ ጎረቤቶች የሚጠይቁት «እዚያ ሰው አለህ?» ብለው ነው። ቤት ለመከራየት ሰው፣ ሚስት ለማግባት ሽማግሌ፣ ከሚስት ጋር ለመታረቅ ያው ሽማግሌ፣ ሥራ ለመቀጠር ደግሞ የሽማግሌው የአክስት ልጅ።

እኔ ሰው አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጂኦግራፊ ተማርኩ፤ ክፍሌንም አንደኛ ሆኜ ጨረስኩ። ትምህርት ክፍሉ አንደኛ የወጣውን ተማሪ ረዳት መምህር አድርጎ ያስቀር ስለነበር ቀደም ብዬ የማስተምርበትን ኮት አሰፋሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ግን የሁለተኛው ልጅ ስም ሆነ። የዲኑ የእህት ልጅ ነው። ክፉ ልጅ ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር፤ ግን ፈተና ሲደርስ ማስታወሻዬን ተውሶ፣ አመስግኖ የሚመልስ ጨዋ ነው። ቂም እንደዚህ ያለ ሰው ላይ አይመችም። ቢሆንም ቂሜን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ኮቴን ይዤ ጅቡቲ ወረድኩ። ተማሪ ሳለሁ ይህችን አገር ካርታ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቼ «እጅግ ሞቃታማ» ብዬ ጽፌባት ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ከባቡሩ ወርጄ አየሩን በአፍንጫዬ ስስበው፣ ያን ነጥብ የሰጠኝ መምህርም አገሪቱን ያየው ካርታ ላይ ብቻ እንደነበር ገባኝ። በአንድ የትራንዚት ቢሮ የኮንቴይነር ጉዳይ እያስፈጸምኩ ዓመታት አለፉ። ታሪኬን የሰሙት የኢትዮጵያ ሾፌሮች «አስተማሪው» የሚል ስም አወጡልኝ። አዝነውልኝ ይሁን አላግጠውብኝ እስካሁን አላጣራሁም።

ታዲያ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ ከሚኒስቴሮቹና ከኤምባሲዎቹ ጎረቤት፣ ቢሮ ከፈቱ። «ስታርትአፕ» ነው አሉ። ያወጡት የስልክ መተግበሪያ ስሙ «እጅ በእጅ» ይባላል። ጭነት ያለው ነጋዴና መኪናው ባዶ የሆነ ሾፌር በስልካቸው በቀጥታ ይገናኛሉ፤ መሐል ገብቶ የሚበላው ደላላ ይጠፋል። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «መሐል ላይ ማንም የለም» ተብሎ ተጽፏል። ያንን ሳነብ፣ አትሳቁብኝና፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰው የማያስፈልግበት ቦታ! ከትራንዚቱ ለቅቄ ገባሁ።

ቢሮው እንደ ጆንያ የሚያሰምጥ መቀመጫ አለው፤ ከእሱ ላይ ለመነሣት ግን ሰው ያስፈልጋል። አለቃ የለም። መሥራቹ ናትናኤል «ናቲ በለኝ» አለኝ፤ እኔን ደግሞ «ብሮ» ይለኛል። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው «ብሮ» ሲለኝ መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ በኋላ ግን ከአለቆቼ ሁሉ ወንድሜ ያለኝ እሱ ብቻ መሆኑን ሳስብ ተውኩት። ስብሰባ ቆመን ነው የምናደርገው። ተቀምጠን ከሆነ ይረዝማል አሉ። ቆመንም ይረዝማል፤ ትርፉ የእግር ሕመም ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከቀትር በኋላ ሰባት ተኩል ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቶ፣ ከተማው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ጋደም ብሏል። ዘበኛችን ዋይስ በተሰባበረ አማርኛ «እነዚህ ልጆች ቆመው ማንን ይጠብቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኢንቨስተር» አልኩት። «ተቀምጠው ቢጠብቁ አይመጣም?» አለ።

ከእኛ ጋር ሜሮን የምትባል ልጅ አለች። መተግበሪያውን የሠራችው እሷ ናት። ኮምፒውተር ሳይንስ አንደኛ ወጥታ መጨረሷን ናቲ ሲነግረኝ ወዲያው ወደድኳት። ያለደንቡ እሷ ብቻ «ጋሼ» ትለኛለች፣ አንቱ ትለኛለች። የማስታወቂያ ሰሌዳውን ታሪክ የነገርኩትም ለእሷ ነው፤ ከልቧ ሰምታኝ «እኔ ብሆን ሰሌዳውን እሰብረው ነበር» አለች።

አንድ ቀን ናቲ፣ ኢንቨስተሯ ስትመጣ የጅቡቲ ቢሮ ኃላፊ እንደሚሾም ነገረን።

«አለቃ የለም አላልክም?» አልኩት።

«ኃላፊ እኮ አለቃ አይደለም፣ ብሮ። ደግሞ በችሎታ ብቻ ነው።»

በችሎታ ብቻ! ይህን ቃል መጨረሻ የሰማሁት ኮቴን ሳሰፋ ነበር። እኔና ሜሮን ተያየን፤ ከሁለታችን አንዳችን መሆናችንን ሁለታችንም አውቀናል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል» አለችኝ። «እኔ ብሆን ግን ይበልጥ ደስ ይለኛል።»

ይህን ያህል ቅን ተፎካካሪ አይቼ አላውቅም።

የሾፌሮቹ ቁጥር በየቀኑ ያድግ ጀመር። ናቲ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ በስክሪን አሳየን፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት በፒኬ ዱዝ በሄድኩ ቁጥር መተግበሪያውን ከፍቶ የሚያይ አንድ ሾፌር አላየሁም። ተንኮል አልነበረም ያነሣሣኝ፤ የጂኦግራፊ ተማሪ ወንዝ ሲያይ ከየት እንደሚመነጭ ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም። መኪናው ሥር በጥላ የተኛውን በቀለን ቀሰቀስኩት፤ ከትራንዚት ዘመኔ የማውቀው ሾፌር ነው።

«በቀለ፣ እጅ በእጅ ተመዝግበሃል?»

«እንዴታ!» አለ ዓይኑን እያሻሸ። «አንደኛ ደንበኛ ነኝ።»

«እስኪ አሳየኝ።»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። መስመር የለውም። «አስተማሪው ደግሞ! የኛ ሲም እኮ ጋላፊ ላይ ነው የሚሞተው። ድንበሩን ካለፍኩ ይቺ ሰዓት ማያ ናት።»

«ለመመዝገብ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር ታዲያ በማን ስልክ ይገባልሃል?»

«በአብዲ ነዋ!»

ገባኝ። መተግበሪያው የተሠራው ስልክ በሚሠራበት በአዲስ አበባ ነው። ሾፌሩ ጭነት የሚፈልገው ግን ስልኩ ከሞተ በኋላ፣ እዚህ ነው። ናቲም፣ ሜሮንም፣ ካርታ አዋቂው እኔም ያችን ድንበር ተሻግረናል፤ ማናችንም ግን በሾፌር ኪስ ሆነን አልተሻገርንም።

አብዲ ድሬን በፒኬ ዱዝ የማያውቀው የለም። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ደላላ ነው። ለማጥፋት የተነሣነው እሱን ነው። ከቀትር በኋላ አርሂባ የሚባለው ሰፈር፣ ቤቱ ሄድኩ። በሽርጥ ተጋድሞ ይቅማል። ምንጣፉ ላይ ስልኮች እንደ ዓሣ ተደርድረዋል፤ በየጀርባቸው ፕላስተር ተለጥፎ የየሾፌሩ ስም ተጽፎበታል።

«አቦ አስተማሪው! ምን እንደ ፖሊስ በር ላይ ትቆማለህ፤ ጫማህን አውልቅና ግባ!»

አውልቄ ገባሁ። ትራስ ወረወረልኝ።

«አብዲ፣ ይህ መተግበሪያ አንተን ለማጥፋት መሠራቱን ታውቃለህ?»

«ሰምቻለሁ። ወላሂ ግን ጥሩ አርገው ነው የሠሩት!» አለ ከልቡ። «ድሮ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ፀሐይ ላይ ስጮህ ነበር የምውለው። አሁን ጭነቱ እዚሁ ትራሴ ድረስ ይመጣል። ለዚያች ልጅ ዱዓ አርጌላታለሁ።»

በማግስቱ ለናቲና ለሜሮን ነገርኳቸው። ሜሮን ፊቷ ቀላ፤ ወደ ኮምፒውተሯም ሄደች። ስትመለስ መፍትሔውን ይዛ ነው የመጣችው። ሾፌሩ ገና ኢትዮጵያ ሳለ፣ ሎጊያ ለምሳ ሲቆም፣ በራሱ ስልክ ይመዘገባል፤ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ማንኛውም ዋይፋይ ይበቃዋል። ፒኬ ዱዝ ላይ አንድ ዋይፋይ መትከል ነው። አለቀ። እውነቱን ልመስክር፦ እኔ በሽታውን አገኘሁ፤ መድኃኒቱን ያገኘችው እሷ ናት።

«አሪፍ ነው» አለ ናቲ በላብ ተጠምቆ። «ግን ኢንቨስተሯ ሐሙስ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ትገባለች። ሾፌሮቻችን አንድ ሰው ናቸው ልበላት?»

ሴትዮዋ ከባቡር ወርዳ መጣች። ናቲም አብዲን ነጭ ሸሚዝ አስለብሶ፣ «የማኅበረሰብ አገናኛችን» ብሎ አቀረበላት። አብዲ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በዓረብኛ ሰላም አላት፤ በፈረንሳይኛ ውሃ ጋበዛት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ሌሎቹ ድርጅቶች የሚጎድላቸው ይኸው ነው፤ የሰው ፊት!» አለች። አብዲ ይህን ሲሰማ፣ «መሐል ላይ ማንም የለም» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ነበር የቆመው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ከዚያ ናቲ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ብሮ። ኃላፊው አንተ ነህ።»

«በችሎታ?» አልኩት።

ናቲ ጫማውን አየ። «አብዲ ከአስተማሪው ጋር ካልሆነ አልሠራም አለ። ሾፌሮቹ በእጁ ናቸው። ምን ላድርግ?»

አንድ ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። «ቦታው የሜሮን ነው» የሚል። ግማሽ ዕድሜዬን ለሌላ ሰው ስለማመደው የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዲኑ እንዲለው፣ የእህቱ ልጅ እንዲለው። አፌን ከፈትኩ።

«መቼ ልጀምር?» አልኩ።

አብዲን ለምን እኔን እንደመረጠ ጠየቅሁት። ጥያቄው ራሱ ገረመው። «ልጅቱን አላውቃት! አንተ ግን ቤቴ ገብተህ፣ ጫማህን አውልቀህ ተቀምጠሃል» አለኝ። ክፋት የለበትም። ዲኑም ቢጠየቅ እንዲህ ያለ ቀላል መልስ ሳይኖረው አይቀርም።

ሜሮን ሰሌዳ አልሰበረችም። ሥራዋን ለቅቃ ሻንጣዋን አዘጋጀች። እኔ ናጋድ ድረስ ሸኘኋት። በመንገድ ላይ ስለ ሙቀቱ አወራን፤ እንደምታውቁት በዚህ ርዕስ ሙሉ ነጥብ አለኝ። ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ዞር አለችና፣

«ጋሼ፣ ያ ሁለተኛ የወጣው ልጅ ስሙ ሲለጠፍ ምን አለዎት?» አለችኝ።

«ምንም። ማስታወሻዬን መለሰልኝ።»

ጠበቀች። የምትጠብቀው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

«ሻንጣሽን ልያዝልሽ» አልኳት።

«ቀላል ነው» አለችና ራሷ ይዛው ባቡሩ ላይ ወጣች።

አሁን የራሴ ክፍል አለኝ። ክሊማቲዘር የሚሉት ማቀዝቀዣ እንደ አንኮበር ስለሚበርድ ያን ኮት ከሻንጣ አውጥቼ ለብሼዋለሁ፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ጠበበኝ እንጂ ደህና ነው። የሜሮን ዋይፋይ አልተተከለም። ቁጥሩ ያድጋል፤ ልጆቹ ቆመው ያጨበጭባሉ።

አንድ ነገር ብቻ መላልሶ ይመጣብኛል። ያ የዲኑ የእህት ልጅ ቦታውን ለምኖ ነው ያገኘው? ወይስ እሱም እንደኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ነበረው? ያን ቀን ማስታወሻዬን ሲመልስልኝ ከሌላው ጊዜ ረዘም ላለ ሰዓት ቆሞ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ኩራቱ መስሎኝ ነበር። ደውዬ ብጠይቀው ደስ ይለኛል። በቂም አይደለም፤ ለማወቅ ያህል ነው።

ችግሩ ስልኩ የለኝም። ትናንት ለአብዲ ስሙን ነግሬዋለሁ።

«አታስብ» አለኝ። «እዚያ ሰው አለኝ።»