ጋሽ ሱሩርና የሚጠፋው ኮምፒውተር

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ሶፍቱ ነው። ጋሽ ሱሩር ሳሎናችን ገብተው እናቴን "አካም ጅርቱ እትዬ ዘርፉ?" ካሉ በኋላ ከሸሚዛቸው ኪስ ሶፍት አወጡ፤ የጣት ስፋት ያህል ቀደዱና ከእህቴ ከሜቲ ኮምፒውተር ጀርባ አንጠልጥለው ያዙት። ፋኑ እየጮኸ ሶፍቱ ንቅንቅ አላለም።

"አይተነፍስም" አሉ፣ ለቤተሰብ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከአዳማ እስከ መቂ ባሉት ከተሞች ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ዕቃ ተበላሸብኝ ስትሉት ዕቃውን ትቶ እናንተን ይመረምራል። መፍቻ አምጡ አይልም፤ ወንበር አምጡ ይላል። ከዚያ ይጠይቃችኋል። ሲጨርስ ስለ ዕቃችሁ ብቻ ሳይሆን ስለ ትዳራችሁም ያውቃል። የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ሊቀ መርማሪ ጋሽ ሱሩር ናቸው።

ጋሽ ሱሩር ሠላሳ ዓመት ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ነድተዋል። ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ሲላቸው መኪናውን ለልጃቸው ሰጡና ኮምፒውተር መጠገን ጀመሩ። ይኼ የሚገርመው ሰው ካለ መልሳቸው ዝግጁ ነው። "ሁለቱም ሞተር ነው። ሁለቱም ይሞቃል፣ ሁለቱም ይጫንበታል፣ የሁለቱም ባለቤት ይዋሻል።"

ጌም ቤት ያለው ንዋይ አንድ ቀን "ግራፊክስ ካርዱ ደክሟል፣ ሌላ ልገዛ ነው" ብሎ ጠራቸው። ጋሽ ሱሩር ካርዱን አላዩትም።

"የእስክሪኑን ገመድ ማን ሰካው?"

"ራሴ ነኛ።"

"የት?"

"ጀርባው ላይ።"

"ጀርባው ሰፊ አገር ነው ልጄ። የቱ ቀበሌ?"

ለካ ገመዱ የተሰካው ካርዱ ላይ ሳይሆን ከእሱ በላይ ባለው፣ ማሽኑ ሲሠራ አብሮት በመጣው ቀዳዳ ላይ ነው። ያ ካርድ ስድስት ወር ሙሉ ሥራ ሳይሰጠው ደመወዝ ሲበላ ኖሯል። የቆቃዋ ዓሣ ቤት ባለቤት የዋፊቃ ላፕቶፕ ደግሞ ለመከፈት ምሳ ሰዓት ድረስ ይፈጅበት ነበር። በጥያቄ ብዛት ሦስት የቫይረስ መከላከያ እንደጫነችበት አመነች። "አንድ በር ላይ ሦስት ዘበኛ አቁመሽ" አሏት፣ "እርስ በርስ ሲፈታተሹ እንግዳው መቼ ይግባ?"

የሜቲ ጉዳይ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እህቴ ከቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ አስገብታ የእግር ኳስ ጌም የምትጫወትበት ማሽን ገጣጥማለች። አገር አቀፍ የኢንተርኔት ውድድር ላይ ሁለት ለዜሮ እየመራች ሰባኛው ደቂቃ ላይ ማሽኑ ድርግም አለ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የተቋረጠበት ተሸናፊ ነው። ለተሸነፉት አንድ የመጨረሻ ዕድል ተሰጠ፤ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ በዚያው በተመዘገበው ኮምፒውተር። "ቅዳሜም ከጠፋ ለደላላ እሰጠዋለሁ፤ ሁለተኛ ስለ ጌም እንዳታወሩኝ" ብላናለች። ሜቲ ያለችውን ታደርጋለች።

ጋሽ ሱሩር የመጡት ረቡዕ ነው።

"መቼ ነው የሚጠፋው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?"

"ሁልጊዜ ነዋ ጋሼ!"

"ሁልጊዜ የሚባል ሰዓት የለም። ይንቀራፈፋል ወይስ ይጠፋል?"

"ሁለቱንም።"

"እንግዲያው ሁለት በሽታ ነው። በአንዱ እንጀምር። አንድ ነገር ብቻ!"

ይቺ "አንድ ነገር ብቻ" የታወቀች ትእዛዛቸው ናት። ሁለት ነገር አንድ ላይ የነካ ሰው የቱ እንዳዳነው አያውቅም ብለው ያምናሉ። እጃቸው ወደ ሳጥኑ ሄደ። በላዩ እናቴ የሠራችው ነጭ ዳንቴል አለ፤ ከፊት አጭር ነው፣ ከኋላ እስከ ጠረጴዛው ይወርዳል። እናቴ የአዳማ አቧራ እንዳይገባበት ብላ አንድ ክረምት ሙሉ ደክማበታለች። እኔና ሜቲ ወለሉን አየን። ዳንቴሉን ከመጀመሪያውም ጠርጥረነው ነበር፤ ለእናቴ መንገር ነው ያቃተን።

"እትዬ ዘርፉ፣ ይኼን እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

"እኔ ነኝ። ምነው?"

"እጅዎ ይባረክ። እኔ የመኪናዬን ራዲያተር በሸራ ሸፍኜ ዳገት ብወጣ ሞተሩ ይፈላል። እንዳይፈላ ነዳጅ እቀንሳለሁ፤ መኪናው ያዘግማል። ይኼም ሲታፈን ራሱን ያዘገያል። ሲተኛ ያልብሱት፣ ሲሠራ ግን ያውልቁለት።"

እናቴ ትንሽ አሰበች። "እንደ ሰው ነው በሉኛ!" አለችና ዳንቴሉን በገዛ እጇ አጣጠፈችው። ሜቲን በእግሬ ነካኋት፤ ሁለት ወር የፈራነው ነገር በአንድ ደቂቃ አለቀ።

ከውስጥ የወጣው አቧራ ሌላ ዳንቴል ይወጣው ነበር። ጋሽ ሱሩር በቀለም ብሩሽ ጠረጉት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ፍቀው አዲስ ቀቡት። ዘጠና ሰባት ዲግሪ ይደርስ የነበረው ሙቀት ሰባ ስድስት ላይ ቆመ፤ መንቀራፈፉ ጠፋ፤ ጌሙ ውስጥ ያሉት ተጫዋቾች እንደ ውኃ ፈሰሱ። ሜቲ እልል አለች።

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ ድርግም አለ።

ንዋይ በስልክ "ፓወር ሰፕላይ ግዙ" አለ። ለማሽኑ ኃይል የሚሰጥ ደህና ፓወር ሰፕላይ ከአዲስ አበባ ተፈልጎ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። ሜቲ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ ሱሩር ግን ተመልሰው መጡና ወንበር ስበው ስልኳን ጠየቋት። ለጓደኛዋ ለኢፍቱ "ጠፋብኝ" እያለች የላከቻቸውን መልእክቶች በሙሉ ቀን ከሰዓቱ አስነበቧት። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት። ቅዳሜ አራት ተኩል። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ማክሰኞ። ሐሙስ። ቅዳሜ።

"እሑድ የለም?"

"የለም ጋሼ።"

"ማታ?"

"አንድም።"

"እነዚህ ቀኖች ምንድን ናቸው?"

ከጓዳ እናቴ "ውኃ የሚመጣባቸው ናቸዋ!" አለች።

ጋሽ ሱሩር ቀስ ብለው ተነሡ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ሲመጣ ከግቢያችን ማማ ላይ ያለውን ሮቶ የምንሞላው በፓምፕ ነው። እኔን ወደ ግቢ ላኩኝ። ፓምፑን አስነሣሁት፤ ከቤት የሜቲ ጩኸት መጣ። አጠፋሁት፤ ኮምፒውተሩ ተነሣና ሠራ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ስንት ጊዜ በዚያ ፓምፕ አጠገብ አልፌያለሁ!

"ደካማ ባትሪ ያለው መኪና ሞተር ስታስነሣ መብራቱ ይደበዝዛል" አሉ። "ፓምፑ ሲነሣ መብራቱን ይጎትተዋል፤ የእሷ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ያንን አይችልም።"

ቅዳሜ ውኃው የሚመጣው በአራት ሰዓት ነው፤ ግቢው ሁሉ ያኔ ይሞላል። የፓምፑ አዛዥ ደግሞ የግቢው ጎረቤታችን እትዬ እንቁ ናቸው፤ ጋሽ ሱሩር አንድ ጊዜ ስለ ቴሌቪዥናቸው አንድ ሰዓት ጠይቀዋቸው ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ጋሽ ሱሩር ግን እሳቸው ዘንድ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ።

"ደግሞ የኔን ፓምፕ ሊመረምሩ ነው?"

"የለም እትዬ። ዛሬ የመጣሁት ለመለመን ነው። ቅዳሜ ከአራት እስከ አምስት ፓምፑን እንዳያስነሡብን።"

"በአምስት ሰዓት ውኃው ይሄዳል እኮ! ሁለት ቀን በምን ልንታጠብ ነው?"

"ቧንቧው ላይ በጀሪካን እንሞላለን። የእርስዎን እኔ እሸከማለሁ።"

"በዚያ ጉልበትዎ?"

"በዚህ ጉልበቴ።"

እትዬ እንቁ የጋሽ ሱሩርን ጉልበት አዩ፣ እኔን አዩ። "ይኼ ወጣት ምን ሊሠራ ነው?" አሉ።

ቅዳሜ ስለዚህ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አራት ቤት ሰው ቧንቧው ላይ ተሰልፎ ቢጫ ጀሪካን ይቀባበላል። ጋሽ ሱሩር ክዳን ይገጥማሉ፤ እትዬ እንቁ ፓምፑ አጠገብ በርጩማ አስቀምጠው ማንም እንዳይነካው ተቀምጠዋል። ከቤት ድምፅ የለም። አንድ ጊዜ ሜቲ ጮኸች፤ ሁላችንም ጀሪካን እንደያዝን ቆምን። ጎል ነው። ውኃው ተንደቀደቀ፣ ሰውም ተንፈስ አለ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተበረገደ።

"ሦስት ለሁለት! ጋሼ! ሦስት ለሁለት!"

እናቴ ጀሪካኗን ጣለች። ሁሉም ሜቲን ሲያቅፍ ጋሽ ሱሩር ብቻ ቆመው ይጠብቃሉ።

"ስንት ደረሰ?" አሉ።

"ሦስት ለሁለት አልኩዎት እኮ!"

"ሙቀቱን ነው።"

"ሰባ አራት።"

"መልካም" አሉና ፊታቸው በራ። እንዲህ ሲበራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ምሳ ይብሉ ብንላቸው እምቢ አሉ፤ ደራ ከተማ የአንድ ሱቅ ማተሚያ ይጠብቃቸዋል። ኮታቸውን ለበሱ። ተመልሰው እንዲመጡ ብፈልግ ነው መሰለኝ፣ ሳላስበው ከኋላቸው ተጣራሁ፤

"ጋሼ፣ የኔም ላፕቶፕ ሰሞኑን ይንቀራፈፍብኛል!"

ወደ ኋላ አልዞሩም።

"ላፕቶፕህ ደህና ነው" አሉ። "ግን እመጣለሁ።"

እያነከሱ ወደ አስፋልቱ ወረዱ።