ታንኳዋ ስንት ሰው ትችላለች?

[ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ከሰዓት በኋላ። የፊዚክስ መምህሩ ግሩም ከአዳማ ተዛውሮ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው። ነገ ርዕሰ መምህሩ ባሉበት ስለ አገር በቀል እውቀት ያስተምራል፤ ተማሪዎቹንም ሁለት ሁለት አድርጎ ከደንገል፣ ከሐይቁ ዳር ቄጠማ፣ በተሠራች ታንኳ ጥልቁ ድረስ ሊልክ አስቧል። ታንኳዋን የሠሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ ቢያዝን፣ እንቢ ብለው ያደርቁታል። ግሩም «እኚህ ሰውዬ ነገር ቶሎ አይገባቸውም» ብሎ ከደመደመ ቆይቷል።]

ግሩም፦ [ሒሳብ የሠራበትን ወረቀት እያሳየ] ሁለት ሰው ትችላለች። አለቀ።

ቢያዝን፦ ከትናንት ወዲያ ሳስረክብዎት፣ አዎ፣ ሁለት። ዛሬ አንድ።

ግሩም፦ ጋሽ ቢያዝን፣ ቁጥር እኮ በየቀኑ አይለዋወጥም።

ቢያዝን፦ ቁጥሩን እንጃ። እኔ ታንኳዋን ነው የማውቅ።

ግሩም፦ ታዲያ በሁለት ቀን ምን ሆነች? ታመመች?

ቢያዝን፦ ጠጣች።

ግሩም፦ ምን ጠጣች?

ቢያዝን፦ ውሃ ነዋ። እዚህ ሌላ ምን ይገኛል? ለመሆኑ ውሃ ላይ ያሳደራት ማን ነው?

ግሩም፦ እኔ ነኛ። የጀልባ ቦታው ውሃ አይደል እንዴ?

ቢያዝን፦ ደንገል እኮ ናት። እኛ ቀዝፈን ስንመለስ ዛፍ አስደግፈን በፀሐይ እናደርቃታለን።

ግሩም፦ እሱ ልማድ ነው። እኔ የማወራው ስለ ሳይንስ ነው።

ቢያዝን፦ የነገው ትምህርት ስለ ልማዳችን ነው አላሉኝም?

ግሩም፦ ነው፤ ግን በሳይንስ ሲታይ። አዳራሽ ተቀምጬ ሦስት ቀን ሙሉ ሠልጥኛለሁ።

ቢያዝን፦ አዳራሹ ውስጥ ታንኳ ነበረች?

ግሩም፦ ሥዕሏ ነበረች።

ቢያዝን፦ ሥዕሏስ አትጠጣም።

ግሩም፦ [ትዕግሥቱ እያለቀ] ይስሙኝ። ድሮ አንድ ግሪካዊ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገባ፤ ውሃው ፈሰሰ…

ቢያዝን፦ ገላውን ሊታጠብ?

ግሩም፦ አዎ።

ቢያዝን፦ ታንኳ ነበረው?

ግሩም፦ አልነበረውም።

ቢያዝን፦ ታዲያ ስለ ታንኳ እሱን ምን አገባው?

ግሩም፦ በቃ፣ በቃ። ክርክር አያስፈልግም፣ ገብቼ አሳይዎታለሁ።

ቢያዝን፦ ብቻዎን?

ግሩም፦ ብቻዬን።

ቢያዝን፦ እንዲያማ አይሆንም። እኔም እገባለሁ።

[ግሩም ደስ አለው፤ ሰውዬው በመጨረሻ በሒሳቡ አመኑ። ጋሽ ቢያዝን ጋቢያቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ አኖሩ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ግሩም ይህን ሁሉ እያየ ምንም አልጠረጠረም፤ ሒሳቡን የያዘውን ወረቀት ይዞ ገባ። ሽማግሌው ተከትለው ገቡና ታንኳዋን በዘንግ ትንሽ ገፋ አደረጓት። ታንኳዋ አልተገለበጠችም፣ አልተሰበረችም፤ ዝም ብላ ቀስ እያለች ወረደች። ሁለቱም እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆሙ።]

ግሩም፦ [ወረቀቱን ከውሃ እየለቀመ] ሁለት ሰው እንደማትችል ያውቁ ነበር?

ቢያዝን፦ ስነግርዎት ዋልሁ እኮ።

ግሩም፦ ታዲያ እያወቁ ለምን ገቡ? ይሄ ጅልነት አይደለም?

ቢያዝን፦ ብቻዎን ቢገቡ ኖሮ ትችልዎት ነበር።

ግሩም፦ ብትችለኝስ?

ቢያዝን፦ ደረቅዎን ወጥተው «ይኸው አልሰመጠችም» ይሉኛል። ነገ ሁለት ልጅ ጭነው ጥልቁ ላይ ይልካሉ። ልጄ ትንቢት እርስዎ ክፍል ናት፤ ዋና አትችልም።

[ግሩም አፈረ። ሁለት ሌሊት ሒሳብ ሲሠራ የልጆቹ ዋና አንዴም ትዝ አላለውም ነበር። ቢሆንም መምህር ነውና ዝም ብሎ መውጣት አልሆነለትም።]

ግሩም፦ ጋሽ ቢያዝን፣ ይሄ እኮ የለየለት ሳይንሳዊ ሙከራ ነው። አንዱ ሰው ብቻውን ቢገባ ምን እንደሚሆን፣ ሁለተኛው ሲጨመር ምን እንደሚሆን፣ ሁሉን አስበውበታል። ነገ ክፍል መጥተው ልክ እንዲህ አድርገው ያስተምሩልኝ።

ቢያዝን፦ መምጣቱን እመጣለሁ። ውሃ ውስጥ መግባቱ ግን አያስፈልግም፤ ልጆቹ ሲነገራቸው ይገባቸዋል።