ላስቲኩ አይነካ

(አምቦ፣ መስከረም 2004 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። በኦልጅራ ግቢ ውስጥ ጭቃ የለበሰች ፒካፕ ቆማለች። አጠገቧ ኦልጅራ ከአዲስ አበባ ያስመጣው አዲስ የመኪና ማጠቢያ ማሽን አለ፤ የተጠቀለለበት ላስቲክ አልተነሳም። ማሽኑ ያጉረመርማል እንጂ ውሃ አይረጭም። ጎረቤቱ ጋዲሳ የማሽኑን ውሃ መርጫ ሽጉጥ ይዟል። ሳሎን ውስጥ ኦልጅራ ለጋብቻ ጥያቄ የሚልካቸው ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ይጠብቃሉ።)

ጋዲሳ፦ ጎጆ ከተማ ስትደርስ መልሳ አይደል እንዴ የምትጨቀየው?

ኦልጅራ፦ አልገባህም አልኩህ እኮ።

ጋዲሳ፦ መንገዱን ስለማውቀው ነው። እዚያ ስትደርስ ቀለሟም አይለይም።

ኦልጅራ፦ በታጠበ መኪና ላይ ያረፈ ጭቃና ባልታጠበ መኪና ላይ ያረፈ ጭቃ አንድ ነው? ኦቦ ኢዶሳ ልጃቸውን ለጭቃ አይድሩም። አቢጊያን የመሰለች ነርስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሽማግሌ ከንጹሕ መኪና ነው የሚወርደው።

ጋዲሳ፦ ስለ አቢጊያ እንኳ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ…

ኦልጅራ፦ አሁን ጉዳዩ ማሽኑ ነው። ተጫን።

ጋዲሳ፦ ተጭኛለሁ። ውሃ መግቢያው ላይ ያለችውን ቀይ የላስቲክ ክዳን ግን አናነሳትም? የውሃውን ጎማ ከነሷ ነው እኮ በሽቦ ያሰርከው።

ኦልጅራ፦ ከዕቃው ጋር የመጣ ላስቲክ አይነካ። እኔ ቤት ከሪሞት ላይ እንኳ ላስቲክ ተነስቶ ያውቃል? ከሶፋው ላይስ?

ጋዲሳ፦ ሶፋው ሽማግሌዎቹን እያንሸራተታቸው ነው።

ኦልጅራ፦ ይንሸራተቱ። ላስቲኩ የተነሳ ዕቃ ያረጃል። ይሄ የመብራት ጉልበት ማነስ ነው። ግባና ፍሪጁን ንቀል።

(ጋዲሳ ይገባል፤ ቆይቶ ይመለሳል።)

ጋዲሳ፦ ፍሪጁን ነቀልኩ። ሬዲዮኑንም ነቀልኩ።

ኦልጅራ፦ ሬዲዮኑን ማን አለህ?

ጋዲሳ፦ ጉልበት ይጨምራል ብዬ ነዋ። ሽማግሌዎቹ ዜና እየሰሙ ነበር፣ ተቆጡኝ።

ኦልጅራ፦ (ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ) ገባኝ። ጋዝ ነው። ያገራችን ውሃ ጋዝ አለበት፣ ማሽኑን ነፋው።

ጋዲሳ፦ ጋዙ ያለው የጠርሙሱ ውሃ አይደል እንዴ? የቧንቧው መቼ ነው…

ኦልጅራ፦ ምንጩ ያው ነው። እንደ ሕፃን ጀርባውን መታ መታ አድርግለት፣ ያገሳል።

(ጋዲሳ ማሽኑን አቅፎ ጀርባውን ይመታል።)

ጋዲሳ፦ አላገሳም።

ኦልጅራ፦ አያያዝህ ነዋ። ትከሻህ ላይ አድርገው።

(ጋዲሳ ማሽኑን ትከሻው ላይ አድርጎ እሹሩሩ ሲል ስልኩ ይጮኻል። ማሽኑን በቀስታ ያስቀምጣል።)

ጋዲሳ፦ ሄሎ፣ ኦቦ ጂራ… ኤዬ… ኤዬ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።

(ስልኩን ኪሱ ይከታል። ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ይፈታል፤ ቀዩን ክዳን ነቅሎ ጎማውን መልሶ ያስራል። ሽጉጡን ሲጫን ውሃው ፒካፗን ይገርፋታል፤ ጭቃው ይረግፋል።)

ኦልጅራ፦ (ክዳኗን ከመሬት አንስቶ) ክዳኗ ነበረች? እያወቅክ ዝም አልከኝ?

ጋዲሳ፦ እናንሳት ስልህ አይነካ አልክ። ከዚያ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አልጎተጎትኩህም።

ኦልጅራ፦ ለምን?

ጋዲሳ፦ አቢጊያ «የኦልጅራ ሽማግሌዎች ሳይደርሱ ቶሎ ያንተን ላክ» ብላኝ ነበር። ከጠዋት ልነግርህ የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። ኦቦ ጂራ ሽማግሌዎች ይዘው ማለዳ ድንች በሚጭን አይሱዙ ወደ ጎጆ ወጡልኝ።

ኦልጅራ፦ እኔም እኮ እወዳታለሁ።

ጋዲሳ፦ አውቃለሁ። ለሷ ነግረሃታል?

(ኦልጅራ የማሽኑን ላስቲክ ያስተካክላል።)

ኦልጅራ፦ በአይሱዙ? ጭቃ በጭቃ ሆነው ኦቦ ኢዶሳ ቤት ገቡ?

ጋዲሳ፦ እስከ ጉልበታቸው። መንገድ ላይ ወርደው ሲገፉ ነበር አሉ። ኦቦ ኢዶሳ ራሳቸው ውሃ አምጥተው እግራቸውን አስታጠቧቸው።

ኦልጅራ፦ (ድምፁ ዝቅ ብሎ) እና… ምን አሉ?

ጋዲሳ፦ እሺ አሉ።

(ኦልጅራ የፒካፗ ጎማ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ጋዲሳ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ትከሻውን ይዳብሰዋል፤ ከዚያ ሽጉጡን ቀስ አድርጎ ያስይዘዋል።)

ጋዲሳ፦ አይዞህ ወንድሜ። መኪናዋን ግን በደንብ እጠባት። ለሠርጋችን እንፈልጋታለን።